ጥፋቱ የፊደሉ ነው ወይስ የመስመሩ?

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ጥፋተኛውን ለመንካት ድፍረት ወይም ዕውቀት ያጣ ሰው ዱላውን አጠገቡ በተገኘውና አፍ በሌለው ነገር ላይ ያሳርፋል። እኔም በዚህች አጭር ጽሑፍ ለአንድ ዳውላ ጥብቅና ለመቆም ተነሥቻለሁ። ዳውላው ፊደላችን ነው። አህያው ደግሞ አሮጌ የዩኒክስ ኮምፒዩተር ከሌላ መሣሪያ ጋራ የሚነጋገርበት ሲሪያል ፖርት የተባለው በር፣ በተለይም በዚያ በር ላይ «ቁም» እና «ቀጥል» የሚባልበት ሥርዐት ነው።

የአርት ተማሪ ምን አግብቶት ስለ ሽቦ ይጽፋል የሚል ወንድም ወይም እኅት ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ነገሩ የሽቦ ከመሆኑ በፊት የቃል ነው። አንድ ቃል መቼ ቃል ብቻ እንደ ሆነና መቼ ትእዛዝ እንደሚሆን መለየት የእኛ የቋንቋ ተማሪዎች ሥራ ነው። በዚያ ላይ ነገሩ በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ባለፈው ክረምት ወደ አገሬ ወደ ጎብዬ ሄጄ ነበር። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በራያ ቆላ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ስለ ጎርፍ ውሃ አጠላለፍና አከፋፈል የሚናገሩትን እንደ አነጋገራቸው በደብተር ጻፍኩ። አርባ ገጽ ያህል ሆነ። ስመለስ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ከተብኩት። ጽሑፉ ከዚህ በፊት ከተሰበሰቡት የቃል ታሪኮች ጋራ እንዲቀመጥ ተፈልጎ ስለ ነበር ወደ አንድ ቢሮ ይዤው ሄድኩ። የቀድሞዎቹ ጽሑፎች ያሉት በአንድ አሮጌ የዩኒክስ ማሽን ላይ ነው። የማሽኑ የኔትወርክ ካርድ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የቀረው መግቢያ በጀርባው ያለው ሲሪያል ፖርት ብቻ ነበር። ኬብሉን ሰካን፤ ፋይሉን ላክን። ማሽኑ የመጀመሪያዋን ቃል እንኳ ሳይጨርስ ዝም አለ። የመጀመሪያዋ ቃል «ጎብዬ» ነበረች።

ደጋግመን ሞከርን። ሁል ጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ብንልክ ያለ አንዳች ችግር አለፈ። በዚህ ጊዜ ፍርዱ ተሰጠ፦ ፊደላችን ለዚህ ማሽን አይሆንም፤ ስለዚህ የሽማግሌዎቹን ቃል በላቲን ፊደል ጽፌ እንዳመጣ ተነገረኝ። ፍርዱን የሰጡት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ማስረጃቸውም ማስረጃ ይመስላል። እንግሊዝኛው አለፈ፣ አማርኛው ቆመ፤ እንግዲህ ጥፋቱ የአማርኛው ነው። ይህን የመሰለ አስተሳሰብ በመካከላችን በብዛት ስለሚሰማ ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት። ማስረጃው ትክክል ሳለ ፍርዱ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ የፍሰት መቆጣጠሪያ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንደሚባለው ከጎብዬ እርሻ ልጀምር። በራያ ቆላ የሚዘንበው ዝናብ ብዙ ጊዜ ለሰብል አይበቃም። ገበሬው የሚተማመነው በምዕራብ በኩል ካሉት ተራሮች በሚወርደው ጎርፍ ነው። ጎርፉ በመጣ ጊዜ ከወንዙ ተጠልፎ በቦይ ወደ ማሽላው ማሳ ይገባል። ታዲያ በጠለፋው አፍ ላይ የቆመው ሰው ታች ያለው ማሳ ጠግቦ እንደ ሆነ አያይም። ታች ያለው ገበሬ ማሳው ሞልቶ ክትሩ ሊጣስ ሲል ይጮኻል። ጩኸቱን አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ወደ ላይ ያደርሰዋል፤ ከላይ ያለውም ሰው የቦዩን አፍ ይዘጋል። የሚጮኽ ባይኖር ወይም ጩኸቱን የሚሰማ ባይኖር ውሃው ማሳውን ጠርጎ ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጎርፉ የሚሄደው በቦይ ነው፤ «በቃ» የሚለው ቃል ግን የሚሄደው በአየር ነው። ሁለቱ አይደባለቁም።

በኮምፒዩተርም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይለይም። በሲሪያል ፖርት የሚላክ ጽሑፍ በአንዲት ሽቦ ላይ አንድ በአንድ እየተሰለፈ ይሄዳል። በተለመደው በ9600 ፍጥነት፣ ለአንድ ፊደል 8 የመረጃ ቢት፣ አንድ መጀመሪያና አንድ መጨረሻ ተደርጎ ቢቆጠር፣ በሰኮንድ 960 ባይት ይተላለፋል። ይህም ማለት በየአንድ ሺኛ ሰኮንዱ አንድ ባይት ይደርሳል ማለት ነው። በድሮዎቹ የሲሪያል ቺፖች የደረሰውን ባይት ማቆያው ለአንድ ባይት ብቻ የሚበቃ ነበር። ማሽኑ በሌላ ሥራ ተይዞ በዚያች አንድ ሺኛ ሰኮንድ ውስጥ ካላነሣው የሚቀጥለው ባይት ይመጣና የቀድሞው ይጠፋል። ኋላ የመጣው 16550 የተባለው ቺፕ ባለ 16 ባይት ማቆያ ይዞ ስለ መጣ ነገሩን ቀለል አደረገው፤ ቢሆንም ማቆያ ቢሰፋ መሙላቱ አይቀርም። ስለዚህ ተቀባዩ «ቆይ» የሚልበት መንገድ ያስፈልገዋል።

ይህም መንገድ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የራሱ ሽቦ አለው። አርኤስ-232 በተባለውና በመጀመሪያ በ1960 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው ደንብ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መረጃ ከሚሄድባቸው ሽቦዎች ሌላ አርቲኤስ እና ሲቲኤስ የሚባሉ ሁለት ሽቦዎች አሉ። ባለ 25 እግር በሆነው መሰኪያ ላይ 4ኛውና 5ኛው፣ ባለ 9 እግር በሆነው ላይ 7ኛውና 8ኛው እግሮች ናቸው። ሁለት ኮምፒዩተሮች ሲገናኙ የአንዱ አርቲኤስ ከሌላው ሲቲኤስ ጋራ ተጠላልፎ ይታሰራል። ተቀባዩ ማቆያው ሊሞላ ሲል በዚያ ሽቦ ላይ ያለውን ምልክት ያወርዳል፤ ላኪው ያያል፤ ይቆማል። ይህ የጎብዬው ገበሬ ጩኸት ነው። ከውሃው ጋራ አይደባለቅም።

ሁለተኛው ዐይነት የራሱ ሽቦ የለውም። «ቁም» የሚለው ትእዛዝ ከጽሑፉ ጋራ በአንድ መስመር ይሄዳል። ይህም የመጣው ከቴሌታይፕ ነው። በ1963 የአስኪ ኮድ በወጣበት ዘመን የተሠራው ሞዴል 33 ቴሌታይፕ የተበሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚያነብ ክፍል ነበረው። ቁጥር 17 ሲደርሰው ጥብጣቡን ማንበብ ይጀምራል፤ ቁጥር 19 ሲደርሰው ያቆማል። የመጀመሪያው ኤክስ-ኦን፣ ሁለተኛው ኤክስ-ኦፍ ተባሉ። ዩኒክስ በ1969 በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ሲወለድ ሰዎች ከእርሱ ጋራ የሚነጋገሩት በዚሁ በቴሌታይፕ ስለ ነበር ልማዱን ወረሰ። ዛሬም የዩኒክስ መስመር ሁሉ ቲቲዋይ የሚባለው ከቴሌታይፕ ስም አሳጥሮ ነው። ዛሬም በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ የሚሠራ ተማሪ ሥራውን ያስቀመጠ መስሎት ኮንትሮልና ኤስ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ቢጫን መስኮቱ ይደርቅበታል። ብዙዎች ማሽኑ ሞተ ብለው መስኮቱን ይዘጋሉ። ማሽኑ ግን አልሞተም፤ 19 ቁጥር ስለ ላኩበት አክብሮ ቆሟል። ኮንትሮልና ኪው ቢጫኑ 17 ይሄድና ይነሣል።

አሁን ወደ ጎብዬ እንመለስ። ፊደላችን በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3ኛ እትም ውስጥ ሲገባ ለያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጠው። ይህን ቁጥር ሁለት ሁለት ባይት አድርጎ የሚያስቀምጠው አጻጻፍ ዩቲኤፍ-16 ይባላል። የጓደኛዬ ላፕቶፕ ፋይሉን ያስቀመጠው በዚህ ነበር፤ በምርጫው ዝርዝር ላይ «ዩኒኮድ» ብቻ ስለሚል እኛም ትክክለኛው እርሱ መስሎን መረጥነው። በዚህ አጻጻፍ «ጎ» 19 እና 14 ነው፤ «ብ» 18 እና 101፤ «ዬ» 18 እና 236። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ተመልከት። የከተማዬ ስም የሚጀምረው በ19 ነው! ላፕቶፑ ሁለቱን ባይቶች አገላብጦ ትንሹን አስቀድሞ ቢልከውም 19 መምጣቱ አልቀረም።

አሮጌው ማሽን ያደረገው ይህን ነው። ከላፕቶፑ በሚመጣው ጽሑፍ ውስጥ 19 ሲያገኝ «ላፕቶፑ ማቆያው ሞልቶበት ቁም እያለኝ ነው» ብሎ ተረጎመው። ስለዚህ የራሱን ንግግር አቆመ፤ በስክሪኑ ላይ የሚመለሰው ጽሑፍም ደረቀ። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። 19ን እንደ ትእዛዝ ስለ ወሰደው ከጽሑፉ ውስጥ አውጥቶ ጣለው። «ጎ» ግማሽ አካሏን አጣች፤ ከእርሷ በኋላ ያሉትም ባይቶች ጥንዳቸው ተዛንፎ የማይነበቡ ሆኑ።

በዚህ የተጎዳችው ጎብዬ ብቻ አይደለችም። ከ«ጀ» ጀምሮ ያሉት፣ ማለት «ጀ»፣ «ገ»፣ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጰ»፣ «ጸ»፣ «ፀ»፣ «ፈ»፣ «ፐ» ከነቤተሰቦቻቸው ሁሉ በ19 ይጀምራሉ። ፀሐይ፣ ጎርፍ፣ ጤፍ፣ ፍርድ በ19 ይጀምራሉ። ሁለት ነጥብና አራት ነጥብም እንዲሁ። አራት ነጥብ ለእኛ የዐረፍተ ነገር ማቆሚያ ነው፤ ለዚያ መስመር ግን የንግግር ሁሉ ማቆሚያ ሆነ። ለመነሻ የሚሆነው 17 በፊደላችን ውስጥ የሚገኘው «ሑ» በተባለችው ፊደል ብቻ ነው፤ እርሷ 18 እና 17 ናት። በአንጻሩ የኮሪያ ነጠላ ፊደላት የተቀመጡበት የዩኒኮድ ክፍል በ17 ይጀምራል። እንግዲህ መስመሩ የእኛን ፊደል «ቁም»፣ የኮሪያን «ቀጥል» ብሎ ያነባል። ከሁለቱ ሕዝቦች አንዱም እንዲህ ለማለት አላሰበም።

እዚህ ላይ የክርክሬ ዋና ነጥብ ይገኛል። «ጎ» በራሷ «ቁም» አይደለችም። «ቁም» ያሰኛት ትእዛዝና ንግግር በአንድ ቦይ እንዲሄዱ የተደረገው ውል ነው። ውሉን የጻፉት ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም፤ በ1963 በዚያ መስመር ላይ የሚሄደው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ እንደ ሆነ አድርገው አሰቡ እንጂ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ 17 እና 19 ስለማይገኙ ውሉ ለእነርሱ ሠራ። እንግሊዝኛው ገጽ ማለፉ የሚያስረዳው የላቲን ፊደል ብልጫ ሳይሆን መስመሩ ለማን ተብሎ እንደ ተዘረጋ ነው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ዩቲኤፍ-8 የሚባለው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል በሦስት ባይት ይጽፋል። መስመሩ 8ቱንም ቢት ካሳለፈ ችግር የለም። ነገር ግን ብዙ አሮጌ መስመሮች 7 ቢት ብቻ እንዲያሳልፉ ተደርገው ነበርና 8ኛውን ይቆርጡታል፤ ማለት ከእያንዳንዱ ባይት 128 ይቀንሳሉ። «ና» 225፣ 138፣ 147 ነው። 128 ሲቀነስለት 97፣ 10፣ 19 ይሆናል። «ኑ» ደግሞ 225፣ 138፣ 145 ስለ ሆነ 97፣ 10፣ 17 ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ማሽን «ና» ሲሉት ይቆማል፤ «ኑ» ሲሉት ይነሣል! ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይስቃል፤ ማሽኑ ግን የተነገረውን ውል አክብሯል።

አሁን መፍትሔው ምንድር ነው ወደሚለው እንምጣ። በዩኒክስ ላይ የመስመሩ ውል የሚታየውና የሚለወጠው ኤስቲቲዋይ በተባለው ትእዛዝ ነው። በስተኋላው ሰረዝና ኤ ሲጨመርበት የመስመሩን ሁኔታ ሁሉ ዘርዝሮ ያሳያል። ከስሙ በፊት የመቀነስ ምልክት ያለበት ተዘግቷል ማለት ነው፤ ምልክት የሌለበት ክፍት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን ማወቅ ይገባል። አይኤክስኦን የሚለው «ቁም የሚል 19 ሲደርሰኝ እታዘዛለሁ» ማለት ነው። አይኤክስኦፍ የሚለው «ማቆያዬ ሊሞላ ሲል እኔ ራሴ 19 እልካለሁ» ማለት ነው። ብዙ ሰው በስሙ ተታሎ ሁለተኛው የመጀመሪያው መዝጊያ ይመስለዋል። አይደለም፤ አንደኛው ለመስማት፣ ሁለተኛው ለመናገር ነው። ሦስተኛው ሲአርቲኤስሲቲኤስ የሚለው ሲሆን በሽቦ የሚሠራውን ቁጥጥር ይከፍታል። ይህ ሦስተኛው ስም ፖዚክስ በተባለው የጋራ ደንብ ውስጥ ስለሌለ በየማሽኑ ሊለያይ ይችላል፤ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ነው።

ኬብሉ ሙሉ ከሆነ ትክክለኛው ውል ይህ ነው፦ ሲአርቲኤስሲቲኤስ ይከፈት፤ አይኤክስኦንና አይኤክስኦፍ ሁለቱም ይዘጉ፤ 8ቱም ቢት ይለፉ፤ 8ኛውን የሚቆርጠው አይስትሪፕ የሚባለው ይዘጋ። ይህም በሁለቱም ዳር ይደረግ። በአንዱ ዳር ብቻ የተለወጠ ውል ውል አይባልም። ኬብሉ ሦስት ሽቦ ብቻ፣ ማለት መላኪያ፣ መቀበያና መሬት ብቻ ያለው እንደ ሆነ ግን በሽቦ የሚሠራውን ቁጥጥር መክፈት አይጠቅምም፤ ሲቲኤስ ምልክት ስለማያገኝ ላኪው ለዘላለም ይጠብቃል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ጽሑፉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጦ፣ 8ቱን ቢት አሳልፎ በአይኤክስኦን መላክ ይቻላል። በዩቲኤፍ-8 የአማርኛ ፊደል ባይቶች ሁሉ 128 ወይም ከዚያ በላይ ስለ ሆኑ 17 እና 19 በመካከላቸው ከቶ አይገኙም። ወይም ከርሚት የተባለውን፣ በ1981 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን የማስተላለፊያ ፕሮግራም መጠቀም ነው፤ እርሱ እንደ 19 ያሉትን የትእዛዝ ቁጥሮች በተራ ፊደል ሸፍኖ ይልክና በወዲያኛው ዳር ይገልጣቸዋል።

በሽታውንም ከምልክቱ መለየት ይቻላል። ጽሑፉ እዚህም እዚያም ፊደል እየጎደለው ቢደርስ ቁጥጥር የለም ማለት ነው። ገና ከመጀመሪያው አንዲት ፊደል እንኳ ባታልፍ የሲቲኤስ ሽቦ አልተያያዘም ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሁል ጊዜ በአንዲት ፊደል ላይ ቢቆም ግን ንግግሩ እንደ ትእዛዝ እየተወሰደ ነው። የእኔ በሽታ ሦስተኛው ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። በብዙ አሮጌ ዩኒክሶች መስመሩ ሲዘጋ ውሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ዛሬ አስተካክዬዋለሁ ብሎ የሄደ ሰው ነገ ተበላሽቶ ቢያገኘው አይደነቅ። ውሉ ማሽኑ ሲነሣ በሚያነበው ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በላቲን ፊደል መጻፍ አይቀልም ወይ?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ሐሳባቸውን በንቀት አላልፈውም፤ ጊዜው ግድ ባለበት ጊዜ እንዲህ ተደርጓልና። ኢንተርኔት በ1997 ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት፣ በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በስልክና በሞደም የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያስተላልፍ ነበር። በዚያ ዘመን ከሞደም ጋራ መነጋገር ማለት በሲሪያል ፖርት መነጋገር ማለት ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብም በዚያው በ1990ዎቹ አማርኛን በአስኪ ፊደላት የሚጽፍ ሥርዐት አዘጋጁ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ አማርኛን ለእርሱ ባልተዘረጋ መስመር ላይ አሻግሯል። ነገር ግን የዚያ ሥርዐት ዓላማ ፊደሉን ማሻገር እንጂ መተካት አልነበረም፤ በወዲያኛው ዳር ተመልሶ ፊደል ይሆናልና። ድልድይ የተሠራ ወንዙን ለመሻገር ነው፤ ድልድዩ ላይ ቤት ሠርቶ መኖር ሌላ ነገር ነው።

ደግሞም ጊዜው ተለውጧል። ዩቲኤፍ-8ን በመስከረም 1992 ያወጡት ራሱ የዩኒክስ አባት ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው። የዓለም ፊደላት ሁሉ ሲጻፉ የድሮዎቹ የትእዛዝ ቁጥሮች በመካከላቸው እንዳይገኙ አድርገው አበጁት። ዩኒክስን የሠራው ሰው በኋላ ተመልሶ መንገዱን ካስተካከለ፣ እኛ በተስተካከለው መንገድ ላለመሄድ ምን ምክንያት አለን? የሽማግሌዎቹን አነጋገር በላቲን ብጽፈው «ጠ» እና «ተ»ን፣ «ጸ» እና «ሰ»ን ለመለየት ሌላ ምልክት መፍጠር አለብኝ። የውሃ ፍርድ የሚሰጡ ሰዎች ቃል እንዲህ ባለ ምልክት ተጽፎ የልጅ ልጆቻቸው ማንበብ ካቃታቸው የሰበሰብኩት ለማን ነው?

ከዚህ ነገር ለራሳችን ለተማሪዎችም የምናገኘው ትምህርት ያለ ይመስለኛል። በየክፍላችን መምህሩ በፍጥነት ያስጽፋሉ፤ እኛም በፍጥነት እንጽፋለን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ማቆያችን ሲሞላ የሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር የቀድሞውን ይደመስሰዋል፤ ጠፋም የሚል የለም። ታላቅን በንግግሩ መካከል ማቋረጥ በእኛ ዘንድ ነውር ስለ ሆነ ዝም እንላለን። ነገር ግን እጅ ማንሣት ንግግር ማቋረጥ አይደለም። እጅ የራሱ ሽቦ አለው፤ ከመምህሩ ቃል ጋራ አይደባለቅም። መምህራኖቻችን የተነሣ እጅ ሲያዩ ጥቂት ቆም ቢሉ፣ እኛም ማንሣትን ባናፍር፣ ከሁለት ወገን የሚባክነው ድካም ይቀንሳል። አድማጭ «ቆይ» ማለት በማይችልበት ስፍራ ብዙ ይነገራል፤ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው።

አሮጌ ማሽኖች ነገ ይጣላሉና ይህን ሁሉ መማር ከንቱ ነው የሚሉም አሉ። ሲሪያል መስመር ግን ከእነርሱ ጋራ አልሞተም። ብዙ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችና የኔትወርክ ራውተሮች ዛሬም መጀመሪያ የሚናገሩት በዚሁ መስመር ነው። ማሽኖቹ ቢጣሉስ፣ በውስጣቸው ያለው ጽሑፍ ቀድሞ መውጣት የለበትም ወይ?

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየቢሮው ካለው አሮጌ ማሽን አጠገብ የመስመሩ ውል በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች ጋራ ሆነን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ኬብል እንዴት እንደሚሠራና ፋይል በዩቲኤፍ-8 እንዴት እንደሚቀመጥ ትምህርት ይሰጥ፤ የሚፈጀው ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሦስተኛ፣ ማንም ተማሪ የሰበሰበውን ጽሑፍ «ማሽኑ አልቀበል አለ» በሚል ምክንያት ብቻ ከፊደሉ አውጥቶ እንዲጽፍ አይገደድ፤ በመጀመሪያ መስመሩ ይመርመር።

የእኔ ነገር እንዴት እንደ ተፈጸመ ልንገራችሁና ልጨርስ። ሰባት ሽቦ ያለው ኬብል ተዋስን። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 መልሰን አስቀመጥን። በሁለቱም ዳር ውሉን አስተካከልን። ከዚያ ላክን። አርባው ገጽ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አለፈ። እኔ ግን እስኪያልቅ አልጠበቅሁም፤ በስክሪኑ የላይኛው መስመር ላይ የመጀመሪያዋን ቃል አየሁና በቃኝ። «ጎብዬ» ይላል፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። በላቲን ጽፌ እንዳመጣ የነገሩኝም ሰው አጠገቤ ቆመው ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና የኬብሉን አሠራር በወረቀት ስዬ እንድተውላቸው ጠየቁኝ። ስዬ ተውኩላቸው።